ከኮን ባና እስከ ባሕር ዳር

ኮን ላይ ጥጥ አይበቅልም። ኮን ያለችበት ዋድላ የገብስና የበግ አገር ነው፤ ለነጠላና ለጋቢ የሚሆነው ጥጥ ከቆላ ተጭኖ ይመጣል። ቁር የሚመክተው ልብስ ግን ከዚያው ከደጋው ይወጣል። የቅኔ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ እረኛው ከበግ ጸጉር የተሸመነ ባናውን ተከናንቦ የኖረው በበጉ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ትምህርት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ ከማውራቴ በፊት ባናውን ነው የማሳየው።

እስቲ አንድ ባና ዘርጋችሁ ተመልከቱ። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ መስመር ቀለም አልተነከረም፤ በጎቹ ይዘውት የተወለዱት መልክ ነው። ጸጉሩ ተሸልቶ፣ እሾሁና ገለባው ተለቅሞ፣ በደጋን ተነድፎ እንደ ባዘቶ ሲለሰልስ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ የትኛው ቀለም በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ ጠቆር ያለው መስመር ስንት ጣት እንደሚሰፋ ከወዲሁ ወስኖ ነው የሚቀመጠው። ወረቀት አልያዘም እንጂ ስሌቱ በእጁ አለ። ዲዛይን የሚባለው ይኸው ነው።

ኮን ቻይናዎች በሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ፣ በጋይንትና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የወረደ መንገደኛ ጥቂት ሲቀጥል ባሕር ዳር ይገባል። የአገራችን የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ዋና ቤት ያለው እዚያ ነው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ሲሆን ጨርቃ ጨርቅ ከመጀመሪያዎቹ የሙያ ዘርፎች አንዱ ነበር። ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ ምህንድስናውንም ፋሽን ዲዛይኑንም ያስተምራል፤ ትምህርቱ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ይደርሳል።

ተማሪው መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከባለ ካሬ ወረቀት ጋር ነው፤ የሒሳብ ደብተር የምንለው ዓይነት። ወደ ታች የሚወርደው ረድፍ ድር፣ ወደ ጎን የሚሄደው ማግ ነው። ካሬው ከጠቆረ ድሩ ከማጉ በላይ ያልፋል፤ ነጭ ከተተወ ከሥሩ። አንዱን እያጠቆሩ አንዱን እየተዉ፣ በየመስመሩም እያፈራረቁ ከሄዱ የነጠላው ሜዳ ይወጣል። ሁለት አጥቁሮ አንድ ትቶ፣ በየመስመሩ አንድ ካሬ ወደ ጎን ፈቀቅ ካሉ ደግሞ ሰያፍ መስመር ብቅ ይላል፤ የጂንስ ሱሪ ጨርቅ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ሸማኔው መርገጫውን በእግሩ እየለዋወጠ፣ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ የሚሠራውን ተማሪው በእርሳስ ይሠራዋል። ፈረንሳዊው ጃካርድ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ይህንኑ ቆጠራ በተበሳ ካርድ አስቀመጠው፤ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፣ ከሌለ ይቀራል። ያ ካርድ በኋላ ለኮምፒውተር ሐሳብ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። ይህን ታሪክ ስሰማ በመሸመኛው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ጥለት የሚቆጥረው ሸማኔ ምን ያህል የረቀቀ ሒሳብ በጭንቅላቱ እንደሚይዝ ነው የሚታየኝ።

ከደጋ የሄደ ተማሪ የሚገጥመው ትልቁ ፈተና ግን ሒሳቡ አይመስለኝም። ከቤቱ ድርና ማግ ብሎ ያደገውን ክፍል ውስጥ ዋርፕና ዌፍት ሆኖ ያገኘዋል። እናቱ ስትፈትል ያየውን የክር ውፍረት መምህሩ በቁጥር ይጠይቁታል። አባቱ ወይም ጎረቤቱ ሸማኔ ከሆነ ደግሞ ይህን ለጓደኞቹ ለመናገር የሚያፍር አይጠፋም፤ ባለ እጅ በአገራችን ሲናቅ የኖረ ነውና። ይህ ኀፍረት መጥፋት አለበት። ክሩ በየት እንደሚላላ፣ በየት እንደሚበጠስ ከልጅነቱ ያየ ተማሪ ከሌላው ቀድሞ የሚነሣበት መሠረት አለው፤ መምህሩም ይህን ዐውቆ ቢጠቀምበት ክፍሉ ሁሉ ያተርፋል።

አሁን ወደ በጉ ልመለስ። የደጋችን በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ለገላ አይመችም፣ ከመካከሉም ቀለም የማይቀበል ደረቅ ጸጉር አለበት። ይህ ጉድለት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ሱፍ በጥምዝምዙ ውስጥ አየር ይይዛል፣ እርጥበትም ጠጥቶ ወዲያው ርሶ አይታወቅም፤ በሙቅ ውሃ ሲረገጥ ደግሞ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ምንጣፍ፣ ቦርሳ፣ የክረምት ካፖርት፣ የቤት ብርድ መከላከያ ሊሆን ይችላል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የሚሠራውን ሃሪስ ትዊድ የተባለ የሱፍ ጨርቅ ልብ ይሏል፤ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ሕግ ያን ስም የሚይዘው የደሴቶቹ ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጃቸው የሸመኑት ጨርቅ ብቻ ነው። እነሱም ብርድ፣ በግና ሸማኔ ነው ያላቸው። ዲዛይኑንና ስሙን ግን ጠበቁት።

እኛ ዘንድ ፈጠራ ሲባል ብዙ ጊዜ ዓይናችን ወደ ውጭ ትእዛዝ ይሄዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ እናስገባበት የነበረውን የአጎዋን ዕድል ስትዘጋብን የሌላውን ዲዛይን ሰፍተው ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። በሌላ በኩል ጥለታችን ውጭ ታትሞ ተመልሶ እየተሸጠልን ነው። የራሱን ጨርቅ የሚነድፍ ባለሙያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዋድላና ከላስታ ባሕር ዳር ወይም ሌላ ተቋም ገብታችሁ ይህን ሙያ የምታጠኑ ልጆች፣ ለመመረቂያ ሥራችሁ ርእስ ስትፈልጉ ክረምት ላይ ወደ ቤት ስትመጡ አንድ ኪሎ የበግ ጸጉር ይዛችሁ ተመለሱ። ከሸማኔው አጠገብም አንድ ቀን ተቀምጣችሁ አሠራሩን በባለ ካሬው ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ሥራውንም ስታቀርቡ የሸማኔውን ስም ከእናንተ ስም ጎን ጻፉት።