ጨቅላ እባብ የመጀመሪያ ምግቡን እንዴት ይበላል?

እባብን ወዶና ፈቅዶ ቤቱ የሚያስገባ፣ ቀልቦም የሚያሳድግ ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን አናምንም። በእኛ ዘንድ እባብ ሲታይ የሚፈለገው ዱላ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን እባብ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ለሳይንስ ትምህርት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ከመካከላችን ወደዚያ ሄደው የሚሰፍሩ ተማሪዎች በክፍላቸው ቢያዩት እንዳይደነግጡ፣ እዚህ ያለነውም የእባብን ጠባይ በሚገባ እንድናውቅ ስለ አመጋገቡ ጥቂት እንገልጻለን።

ለምሳሌ የምንወስደው በእንግሊዝኛ «ኮርን ስኔክ»፣ በእኛ አባባል የበቆሎ እባብ የሚባለውን ነው። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ነው። መርዝ የለውም፤ የያዘውን እንስሳ ተጠምጥሞ በመጭመቅ ይገድላል። ከእንቁላል ሲወጣ ርዝመቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ውፍረቱ እንደ እርሳስ ነው። ሲያድግ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ በጥሩ አያያዝም 20 ዓመት ሊኖር ይችላል።

ይህ እባብ እንደተፈለፈለ ምግብ አይሻም። በሆዱ የቀረው አስኳል ለጥቂት ቀናት ይበቃዋል። ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያ ቆዳውን ይጥላል። ምግብ የሚቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው።

ጀማሪ አሳዳጊዎችን የሚያስጨንቃቸው እባቡ የቀረበለትን አልበላም ሲል ነው። ታመመ ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በሽታ ሳይሆን ፍርሃት፣ ብርድ ወይም የምግቡ እንግዳነት ነው። ስለዚህ የአሳዳጊው ሥራ ማስገደድ ሳይሆን የሚከተሉትን ማሟላት ይሆናል።

ሀ/ ሙቀት። እባብ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይወስዳል። ከበረደው ምግቡን ሊፈጭ አይችልም። ስለዚህ የሣጥኑ አንድ ወገን ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ያህል ሆኖ እንዲመርጥ ይደረጋል። ንጹሕ ውኃም አይለየውም።

ለ/ ጸጥታ። መደበቂያ ይዘጋጅለታል። አዲስ ቤት የገባ እንደሆነ 1 ሳምንት ያህል ሳይነካ ይተዋል። በዱር ትንሽ እባብ የወፍና የሌሎች አራዊት ምግብ ስለሆነ ያነሳውን እጅ ሁሉ እንደ ጠላት ያየዋል።

ሐ/ ምግቡ። የሚሰጠው ገና ጠጉር ያላወጣ የአይጥ ግልገል ሲሆን ውፍረቱ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል እምብዛም መብለጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሞቶ በማቀዝቀዣ የቆየ ነው። ነፍስ ያለው ትልቅ አይጥ ነክሶ እባቡን ሊያቆስለው ይችላልና።

መ/ አቀራረብ። በረዶው እስከ ውስጡ ከለቀቀ በኋላ በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በሞቀ ውኃ ይነከራል። ከዚያም ወደ ማታ ላይ በረጅም ወረንጦ ተይዞ ወደ እባቡ ቀረብ ይደረጋል። ካልያዘው አጠገቡ ተቀምጦለት ሣጥኑ ይዘጋል፤ ማንም አይቆምበትም። ብዙ ጨቅላ እባቦች የሚበሉት ብቻቸውን ሲሆኑ ነው።

ሠ/ ከበላ በኋላ። ለ2 ቀናት አይነሳም፤ ከተነካካ የዋጠውን ሊተፋ ይችላል። የተፋ እንደሆነ 10 ቀን ያህል አርፎ ከቀድሞው ያነሰ ምግብ ይሰጠዋል። ጤነኛ ጨቅላ እባብ በየ5 ወይም በየ7 ቀኑ ቢመገብ ይበቃዋል።

ሌሊቱን ሳይበላ ካደረ ምግቡ ይነሳና ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይቶ እንደገና ይሞከራል። ጨቅላው በዱር የሚያድነው እንሽላሊትና ትንንሽ እንቁራሪት ስለሆነ አይጡን በእንሽላሊት ጠረን ማሸት አንዳንዴ ይረዳል። ደጋግሞ እምቢ ካለና ከከሳ ግን ለእንስሳት ሐኪም ይታያል። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ የባለሙያ ሥራ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ትዕግሥት ያስፈልጋል።

እባብ ከራሱ የወፈረውን እንዴት ይውጣል? መንጋጋውን አውልቆ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ ከፊት በኩል በአጥንት አልተጋጠሙም፤ በሚለጠጥ ጅማት ብቻ ተያይዘዋል። ስለዚህ አፉ እጅግ ይሰፋል። ሳያኝክም በአብዛኛው ከራስ በኩል ጀምሮ ይውጣል።

እባብ የነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲነኩት አይፈቀድም።

ወላጆችና ተማሪዎች ሆይ! ከላይ የተጻፈው መርዝ ለሌለው፣ በሰው እጅ ለተፈለፈለ እባብ ብቻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኙ ሠፈሮች ሜዳ ላይ የሚገኘውን ትንሽ እባብ በቆርቆሮ ይዞ መቀለብ ፈጽሞ አይገባም። እፉኝት እንቁላል ሳይሆን ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቿም ከተወለዱ ጀምሮ መርዝ አላቸው። ትንሽነቱ አያታልለን።

እባብ ወደ ቤታችን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ፍለጋ ነው። እህል በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥ፣ ቆሻሻ ከደጅ ቢጸዳ፣ አይጡ ይርቃል፤ እባቡም ይከተለዋል። ማታ ያለ መብራት አለመውጣት፣ በአልጋና በአጎበር መተኛትም ይጠብቃል።

እባብ የነደፈው ሰው ቢኖር አረጋግቶ፣ ቀለበትና አምባሩን አውልቆ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነው። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳሉ። እባቡን ለመያዝም መሮጥ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ብዙ ሰው በመዘግየት ስለሚሞትና አካሉ ስለሚጎድል ነው። ይህን ለታናናሾቻችሁ ንገሩ።