ሸረሪት ከነፍሳት የምትለይበት መንገድና በማሳችን ያላት ድርሻ



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቃለን። ድሩን የምታደራውን ፍጥረት ግን ብዙዎቻችን ከዝንብና ከጉንዳን ጋር ደምረን «ነፍሳት» ውስጥ እንከታታለን። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ ስዊድናዊው ሊኔየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ሸረሪትን ከነፍሳት ጋር መድቧት ነበር። ፈረንሳዊው ላማርክ በ1801 እ.ኤ.አ. ነው ለይቶ በሌላ መደብ ያቆማት።

ልዩነቱን ለመረዳት የአማርኛው ስያሜ ራሱ ያግዘናል። ነፍሳትን «ሦስት አጽቄ» የምንላቸው አካላቸው በራስ፣ በደረትና በሆድ ስለሚከፈል ነው። የሸረሪት ራስና ደረት ግን የተዋሐዱ በመሆናቸው አካሏ ሁለት ክፍል ብቻ አለው። ነፍሳት ስድስት እግር ሲኖራቸው እርሷ ስምንት አላት፤ ክንፍም አንቴናም የላትም። የዝንብ ዐይን ከብዙ ጥቃቅን ዐይኖች የተገነባ ሲሆን፣ የሸረሪት ዐይኖች ግን ነጠላ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ቁጥራቸው ስምንት ነው። ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሆና ትጀምራለች፤ የሸረሪት ግልገል ግን ከመነሻዋ የእናቷን መልክ ይዛ፣ ቆዳዋን እየገፈፈች ታድጋለች። የቅርብ ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው።

እስካሁን ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእጅግ ጥቂቶች በቀር ሁሉም አዳኞች ናቸው። ሁሉም በድር አያጠምዱም፤ ተኩላ ሸረሪት መሬት ለመሬት እየሮጠች ታድናለች። ያደነችውን በክራንቻዋ መርዝ ታደነዝዛለች፤ በሚያሟሟ ፈሳሽ ካላላችው በኋላ ትመጠዋለች። ኒፍለርና ቢርክሆፈር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት የዓለም ሸረሪቶች በየዓመቱ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ታዳኝ ይበላሉ፤ አብዛኛው ነፍሳት ነው። ከዚህ ውስጥ የእርሻ ማሳ ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ ማሳ በየጊዜው ይታረሳል፣ ይታጨዳል፣ ይረጫል።

ጉዳዩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገብስና ስንዴን ክሽክሽ ያጠቃል፤ ጤፉን ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ደጊዛ ይበላል። ሸረሪት እንደ 2012 ዓ.ም. ያለ የአንበጣ መንጋ አትመክትም፤ ንብንም ከተባይ ለይታ አትምርም። ጥቅሟ ሌላ ነው፤ ተባዩ ገና በጥቂቱ ሳለ፣ ዘወትር፣ ያለ ክፍያ ትቀንሰዋለች።

ሰፊ ገዳይነት ያለው ፀረ ተባይ በተረጨ ጊዜ ክሽክሹም ሸረሪቷም ይሞታሉ። እንስቷ ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ በቀናት ውስጥ ደግማ ትወልዳለች፤ ሸረሪት ለመጎልመስ ወራት ያስፈልጓታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚመለሰው ተባዩ ነው፤ ሲመለስም የሚያድነው አያገኝም። ገበሬውም ዳግም ለመርጨት ይገደዳል፤ ወጪው በእርሱ ላይ ይደራረባል።

ስለዚህ ርጭት ተባዩ ታይቶና ተቆጥሮ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ የእርከን ላይ ሣርም ተጠራርጎ አይጥፋ፣ የሸረሪት መጠጊያ ነውና። ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ ሥራ አለ፦ በደንቆሮ ደን፣ በእርከን ሣርና በታረሰ ማሳ ያሉትን ሸረሪቶች በአንድ ወቅት ቆጥራችሁ አነጻጽሩ። ገበሬውን ለመምከር የምንበቃው ያን ጊዜ ነው።