የመናገሻ ሱባ ደንና የእግር መንገዶቹ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተረፉት ጥቂት ጥንታዊ የደጋ ደኖች አንዱ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚያወሳው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዲዘራ አዘዋል።

ይህን ደን በቅጡ ለማወቅ የሚሻ ሰው በእግሩ መሄድ ይኖርበታል፤ መንገዶቹ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ከፍታና ብርድ የሚወስኗቸውን የዕፅዋት ቀበቶዎች፣ ማለትም በተራራው ገጽ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ የተዘረጉትን የዛፍ ማኅበረሰቦች፣ በየተራ ያቋርጣሉና። በታችኛው ቀበቶ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ተቀላቅለው ይበቅላሉ። ጽድ ቅርፊቱ በቁመቱ እየተሰነጠቀ በረጃጅሙ የሚላጥ፣ እንጨቱን ምስጥ እምብዛም የማይደፍረው፣ ስለዚህም ለቤተ ክርስቲያንና ለቤት ምሰሶ ሲፈለግ የኖረ ዛፍ ነው። ተባዕቱና አንስቱ በየራሳቸው ግንድ የቆሙ በመሆናቸው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ የሚታየው በአንስቱ ላይ ብቻ ነው። የጽድ ችግኝ ብርሃን ስለሚሻ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር በቀላሉ አያድግም፤ የዝግባ ችግኝ ግን ጥላን ይችላል። በአንድ ሽማግሌ ጽድ ሥር ጎንበስ ብሎ የበቀለውን የሚመረምር ተጓዥ ስለ ደኑ የነገ መልክ ብዙ ይማራል።

ከቅርንጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ አውራ ጣቱ ከጉጥ ያልበለጠ፣ በቅጠል የሚኖር የጦጣ ወገን ሲሆን፣ በክፍሎች የተከፋፈለው ጨጓራው ቅጠሉን በጥቃቅን ተሕዋስያን ዕርዳታ ቀስ ብሎ ስለሚያብላላ ከበላ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ወንዱ ወደ ጥቁረት የሚያደላው የምኒልክ ድኩላ ግን ዐይን አፋር ነው፤ ብዙ ጊዜ መኖሩ የሚታወቀው እንደ ውሻ ጩኸት ባለው ድምፁ ነው።

ከታችኛው ቀበቶ ከፍ ሲሉ ቀላ ያለ አበባው እንደ ዘለላ የሚንጠለጠለው፣ ለኮሶ ትል መድኃኒትነት የታወቀው የኮሶ ዛፍ፣ ከዚያም ወዲያ አስታ የተባለው ዛፍ ይተካል።

በቁልቁለት ላይ አቋራጭ መርገጥ ችግኝ ይሰብራል፤ በክረምትም ጎርፍ የተረገጠውን ተከትሎ አፈሩን ስለሚቦረቡር፣ ማንኛውም ጎብኚ ከተከፈተው መንገድ እንዳይወጣ አደራ ይባላል።