የኢቦላን በር ያሳዩ የሰው ሴሎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለታማሚው ብቻ አይደለም፤ ሕዝብን ለሚያስተዳድር ሹምና ከከተማ ወደ ከተማ ለሚመላለስ ነጋዴም ጭምር ነው። ይህን የሚያስረዳ ታሪክ በደቡብ ሱዳን ስለሚገኝ፣ ከሊቃውንት ምርመራ ጋር አያይዘን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1976 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ በንዛራ ከተማ በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ የነበረ አንድ ሠራተኛ በብርቱ ትኩሳት ታመመ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ሞተ። በሽታው ከፋብሪካው ሠራተኞች ወደ ቤተ ሰቦቻቸው፣ ከዚያም ወደ ጁባ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ ማሪዲ ተዛመተ። በማሪዲ ሆስፒታል ሕሙማንን ያስታምሙ የነበሩት ራሳቸው ተያዙ፤ ከሠራተኞቹም ሲሶ ያህሉ ታመሙ። ወረርሽኙ በኅዳር ወር ሲያበቃ የተቈጠሩት ሕሙማን 284፣ የሞቱት 151 ነበሩ። ከሕሙማኑም 213ቱ በማሪዲ፣ 67ቱ በንዛራ፣ 3ቱ በቴምቡራ ሲገኙ፣ አንዱ በጁባ ተገኘ። አንድ ሰው ምን ያህል ነው የሚል ቢኖር፣ በንዛራም ነገሩ የተጀመረው በጥቂት ሰዎች መሆኑን ያስብ። ይህ በሽታ ኢቦላ ሲሆን፣ በዚያ የታየው ዓይነት «የሱዳን ቫይረስ» ይባላል።

ቫይረስ ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ በቀር ሊራባ አይችልም። ሴል ማለትም ሥጋችን ሁሉ የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ክፍል ነው። ስለዚህ የቫይረስን ጠባይ ሊያውቅ የሚፈልግ ሊቅ አስቀድሞ የሰውን ሴል ከሰውነት ውጭ፣ ምግቡንና ሙቀቱን እየሰጠ ማኖር አለበት። ይህም ያለ ማቋረጥ እንዲራባ ሆኖ የተሳካው በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ ከሄንሪታ ላክስ ዕጢ በተወሰደ ሴል ነው። ሴሉ ያለ ባለቤቲቱ ፈቃድ መወሰዱ ግን እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

በሴል ውስጥ የፍጥረታችን ትእዛዝ የተጻፈበት ጂን አለ። የእያንዳንዱ ጂን ቅጅ ሁለት ስለ ሆነ፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ሥራውን ይሸፍናል። በ2011 ዓ.ም. ሊቃውንት አንድ ቅጅ ብቻ ያለውን ልዩ የሰው ሴል አራብተው፣ ጂኖቹን አንድ በአንድ እያበላሹ ቫይረስ ለቀቁበት። አብዛኞቹ ሴሎች ሞቱ፤ ከሞት የተረፉት ቢመረመሩ ብዙዎቹ ኤን ፒ ሲ 1 የሚባለው ጂን የተበላሸባቸው ሆነው ተገኙ። ኢቦላና ዘመዱ ማርበርግ በሴል ውስጥ የሚያልፉበት በር ይኸው ነበር።

ሴልም ጠላት ሲገባበት ዝም አይልም። ኢንተርፌሮን የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ጎረቤት ሴሎች ይልካል፤ እነርሱም የመከላከያ ጂኖቻቸውን ያነሣሣሉ። ይህ መልእክተኛ የታወቀው በ1957 ዓ.ም. ነው። ኢቦላ ግን ሁለት ተንኰለኞች አሉት፤ አንዱ መልእክቱ እንዳይላክ ያግዳል፣ ሁለተኛው የተላከው መልእክት ወደ ሴሉ አስኳል እንዳይደርስ ይዘጋል። ሕመምተኛው ሰውነቱ ሳይዘጋጅ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕያው ኢቦላ የሚመረመረው በዓለም ላይ በጥቂት፣ እጅግ በተጠበቁ ላቦራቶሪዎች ነው። ስለዚህ ሊቃውንት በከብት ላይ የሚታይ ሌላ ቫይረስ ወስደው የኢቦላን ልብስ አለበሱት። ከላይ የተነገረው የ2011 ምርመራም በመጀመሪያ የተካሄደው በዚህ ዘዴ ነው። በ2019 ዓ.ም. የተፈቀደው ኤርቬቦ የተባለው ክትባት ደግሞ በዚሁ ብልሃት የተሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ኤርቬቦ የሚጠብቀው ዛየር ከተባለው ዓይነት ነው፤ ከሱዳን ቫይረስ አያድንም። ይኸው ቫይረስ በ2000 ዓ.ም. በኡጋንዳ በጉሉና በአካባቢዋ 425 ሰዎችን ይዞ 224ቱን ገደለ። በ2025 ዓ.ም. በጥር ወር በካምፓላ በታየ ጊዜ ለሱዳን ቫይረስ የተዘጋጀ ክትባት በሙከራ ተሰጠ። ጁባ ከምትፈልገው ሸቀጥ ብዙው የሚመጣው ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ መሆኑን ነጋዴዎች ያውቃሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርበርግ በአገራችን በጂንካ ተገኝቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኢቦላ የሚተላለፈው የታመመውን ሰው ደምና ፈሳሽ ወይም የሞተውን አስከሬን በመንካት ሲሆን፣ ምልክቱ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ነጋዴው ከሠራተኞቹ አንዱ በትኩሳት ቢታመም፣ ገበያ ይዘጋብኛል ብሎ ሳይሸሽግ ለጤና ሹም ያስታውቅ። አስተዳዳሪው በበኩሉ ያስታወቀውን ሰው ከመቅጣትና ከማዋረድ ይጠበቅ፤ ለክሊኒኩ ጓንትና ንጹሕ መርፌ ሳይጓደል እንዲደርስ፣ ናሙናም ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ ያድርግ። ሊቃውንት ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን በር አግኝተውታል፤ የከተማንና የድንበርን በር መጠበቅ ግን የሹሙና የነጋዴው ድርሻ ነው።