እሳት የማይሰማው እጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሥጋ ደዌ ይሄዳል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የነበረው እዚያ ነው፤ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው በዚያው ነው። እንጀራ ስታወጣ ጣቷ ምጣዱን ነክቶ ውሃ የቋጠረባትን፣ ቃጠሎውን ግን በዓይኗ እስክታየው ያልሰማችውን ሴት ጎረቤቷ በሥጋ ደዌ ቢጠረጥራት ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ግን ስሙ ሳይለጠፍባት እግሯም ይመርመር።

ሲሪንጎማይሊያ የሚባል፣ እምብዛም የማያጋጥም የህብለ ሰረሰር ሕመም አለ። በህብለ ሰረሰሩ መሃል ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ይፈጠርና እየሰፋ ይሄዳል። የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች በዚያው መሃል ስለሚሻገሩ ቀድመው ይጎዳሉ። ታማሚዋ በጥጥ ሲነኳት ታውቃለች፤ ሙቁን ከቀዝቃዛው ግን አትለይም። የእጅ ጡንቻዋ ይከሳል፣ ጣቶቿ ይቆለመማሉ። መመሳሰሉ ከባድ ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛምባኮ ፓሻ የተባለ ሐኪም ይህ ሕመም ራሱ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ተከራክሯል።

ልዩነቱ ያለው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ላይ ነው። ሥጋ ደዌ የሚጎዳው ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች ነው፤ ክርን ጀርባ ያለው ነርቭ ሲዳሰስ ወፍሮ ሊገኝ፣ ቆዳ ላይም ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ሊታይ ይችላል። በሲሪንጎማይሊያ ነርቩ አይወፍርም፤ ስሜት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ነጠላ በሚያርፍበት ትከሻና ክንድ ላይ ነው። ጉልበት ሥር በትንሽ መዶሻ ሲመታ ደግሞ እግር ከልክ በላይ ሊፈናጠር ይችላል።

«እዚህ የሚበዛው ሥጋ ደዌ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩን የሚያሳየው ኤምአርአይም ውድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ስለዚህም ቀድሞ የሚታሰበው ሥጋ ደዌ ይሁን። ነገር ግን መዶሻውና የሐኪሙ ጣት ውድ አይደሉም፤ ኤምአርአይ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚለዩትም እነሱ ናቸው። በነፃ የሚሰጠው የ6 ወይም የ12 ወር መድኃኒት የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያጠፋል፤ የህብለ ሰረሰርን ክፍተት ግን አይነካም። ለእሱ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ያም ጉዳቱ እንዳይብስ ይገታል እንጂ የጠፋውን ስሜት ሁልጊዜ አይመልስም።

ስሜቱ ካልተመለሰ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች የሚማሩት ጥንቃቄ ለዚያች ሴትም ይሠራል፦ ምጣዱን በወፍራም ጨርቅ መያዝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጣቶችን አንድ በአንድ ማየት።