እድሩ ለሕያዋንም ይድረስ

በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የነበሩት መበለቶች ከዕለቱ የምግብ እደላ ተረስተው ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያትም ከሩቅ ሹም አልላኩባቸውም፤ ሕዝቡ ራሱ ከመካከሉ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበረ። እንግዲህ ዛሬ ሊቃውንት በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ማኅበራዊ ሥራ የሚሉት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዲቁና ማለት አገልግሎት ነውና።

ይህ ሙያ በሀገራችን በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዮቱ ዘመን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፈተ። ይሁን እንጂ ባለሙያው ምንም ቢማር የሰፈሩን ገመና የሚያውቀው እድሩ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ደዌ በበረታ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ሕሙማንን በየቤታቸው መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት መጀመራቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ነገሩ ዛሬ ይልቁን የሚያሳስበው በከተማችን ምሥራቅ ነው። በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ቤተሰብ የቀድሞ ሰፈሩን ለቆ ገብቷል። አንዳንዱ መዋጮውን ለመክፈል አሁንም ወደ ጥንት ሰፈሩ ይመላለሳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ጉልበታቸው ሲከዳቸው ደረጃው እንደ እስር ቤት ይሆንባቸዋል። ሲሞቱ ድንኳን የሚተክልላቸው እድር አላቸው፤ በሕይወት ሳሉ ግን ውሃ የሚያወጣላቸው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ከገንዘብ ይልቅ ሥርዓት ይጠይቃል።

አንደኛ፤ እድሩ በየብሎኩ ሁለት ሰዎች ይምረጥ፤ አንደኛዋ ሴት ትሁን። እነርሱም ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በየሳምንቱ ይጠይቁ። በብዙ የሰፈር እድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ተጽፏልና ርዳታው ሃይማኖት አይለይ።

ሁለተኛ፤ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ይቅደም። እህል የጎደለው የሚመስለን ሰው፣ የጎደለው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ወይም ማመልከቻ የሚጽፍለት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ምስጢር ይጠበቅ። የተረጂው ስም በጉባኤ አይነበብ፤ ፎቶግራፉም አይታይ። የአንዱ ችግር ወሬ ከሆነ ሌላው ችግረኛ በሩን ይዘጋል።

አራተኛ፤ ከዐቅም በላይ የሆነውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለሰበካ ጉባኤው ማስታወቅ ይገባል። በሕፃን ላይ የደረሰ በደል ግን በሽምግልና የሚሸፈን አይደለም፤ ለሕግ ይቅረብ።

የተወደዳችሁ አንባብያን! በሚመጣው የእድር ስብሰባ መዋጮአችሁን ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ በሩ ሲከፈት ያልታየ ጎረቤት ማን ነው? መልሱን የሚያውቅ ከታጣ፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።