የጉበት ትል በዳልጋ ከብትና በበግ ላይ ያለው ስርጭት
ለቱሉ ዲምቱና ለአቃቂ አካባቢ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

አርሶ አደሩ ስለ ከብት በሽታ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚጠራው አባ ሰንጋን፣ አባ ጎርባንና አፍተግርን ነው። እነዚህ በሽታዎች እንስሳውን በድንገት ይጥላሉ፤ ወይም ምልክታቸው ከሩቅ ይታያል። ጥገኛ ትሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተደብቀው ሥጋውን፣ ወተቱንና ጉልበቱን በዝግታ ይቀንሳሉ። በደጋና በወይና ደጋ በግጦሽ ከሚኖሩ እንስሳት መካከል ቢመረመር አንድም ዓይነት ትል የማይገኝበት ጥቂቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የጉበት ትልን ነው። የቱሉ ዲምቱ አካባቢ አቀማመጥ ለዚህ ትል በጣም ይስማማል። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ ከኮረብታው ሥር ያለው ኮትቻ መሬትና ወደ አቃቂ ወንዝና ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚወርደው ዝቅተኛ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። የመኖሪያ ሰፈርና ፋብሪካ እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር ደረቁ የግጦሽ መሬት ይጠብና ከብቱ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ረግረጉ ይገፋል። ትሉም የሚገኘው እዚያው ነው።

የትሉ አኗኗር

የጉበት ትል ጠፍጣፋና ቅጠል መሰል ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። ፋሺዮላ ሄፓቲካ የተባለው በደጋውና በወይና ደጋው ይበዛል፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ፋሺዮላ ጃይጋንቲካ የተባለው ከዚህ የረዘመ ሲሆን የሚገኘው በተለይ ከ1,800 ሜትር በታች ነው። ከ1,200 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በአካባቢው የሚጠበቀው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ትሉ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከእበት ወይም ከበጠጥ ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል፤ ካላገኘ በአንድ ቀን ገደማ ይሞታል። በቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ተባዝቶ አንዱ እጭ በመቶ የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ውሃ ዳር ባለ ሣር ላይ ተጣብቆ ልባስ ያበጅና የሚበላውን እንስሳ ይጠብቃል። እንስሳው ሣሩን ሲበላ ወጣቱ ትል አንጀቱን በስቶ ወደ ጉበት ይዘልቃል፤ ጉበቱን እየቦረቦረ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ያህል ከተጓዘ በኋላ ሐሞት ቱቦ ገብቶ ይጎለምሳል።

ከዚህ አኗኗር ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ቀንድ አውጣ በሌለበት ደረቅ መሬት የጉበት ትል አይዛመትም። ሁለተኛ፣ በረት ውስጥ ታስራ የምትቀለብ ላም አትያዝም ብሎ መደምደም አይቻልም። ከወንዝ ዳር ታጭዶ የመጣ እርጥብ ሣር ከበላች ትሉ ከነሣሩ ወደ በረቷ መጥቶላታል።

ስርጭቱ እንዴት ይታወቃል?

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የሰጡት ውጤት በእጅጉ ይለያያል። በአንዱ ቦታ ከመቶ ከብት ጥቂቱ፣ በሌላው ረግረጋማ ቦታ ከግማሽ በላይ የሆነው ተይዞ ይገኛል። ስለዚህ የሌላ ወረዳ አኀዝ ለቱሉ ዲምቱ መንጋ አይሠራም። ልዩነቱ ከቦታው እርጥበት፣ ከወቅቱ፣ ከእንስሳው ዕድሜና ከምርመራው ዘዴ ይመጣል።

የእበት ምርመራ የሚያገኘው እንቁላልን ብቻ ነው። ወጣቱ ትል እንቁላል የማይጥል በመሆኑ፣ እንስሳው ከተያዘ በኋላ ባሉት ከ8 እስከ 10 ሳምንታት ምርመራው ነጻ ነው ሊል ይችላል። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በማንሳፈፍ ዘዴ በደንብ አይታይም፤ በማዝቀጥ ዘዴ መመርመር አለበት። በቄራ ጉበት ተከፍቶ ሲታይ ግን ወጣቱም የጎለመሰውም ትል ይገኛል። ይሁን እንጂ ወደ አዲስ አበባ ቄራ የሚገባው ከብት ከብዙ ክፍለ አገር ስለሚመጣ፣ የመጣበት ቦታ ካልተመዘገበ ውጤቱ የአቃቂን መንጋ አያሳይም።

ስለዚህ ሠራተኞች የየራሳቸውን መንጋ እንዲያስመረምሩ እንመክራለን። ከጥጃ፣ ከጊደርና ከላም፣ እንዲሁም ከበግ ለየብቻ ናሙና ይወሰድ። እበቱ ከመሬት ሳይሆን ከእንስሳው ፊንጢጣ ተወስዶ፣ የእንስሳው ዕድሜና የሚግጥበት ቦታ ተጽፎበት፣ ሳይሞቅ በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ። ለምሳሌ ከ20 ናሙና በ9ኙ እንቁላል ቢገኝ ስርጭቱ 45 ከመቶ ነው። ይህ አኀዝ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ከተያዘ መንጋው መሻሻሉን ወይም መባሱን ያሳያል።

የሚያደርሰው ጉዳት

በግ በአንድ ጊዜ ብዙ እጭ ከበላ በድንገት ሊሞት ይችላል። በዳልጋ ከብት ላይ በሽታው ብዙውን ጊዜ የቆየ ነው፤ ይኸውም መክሳት፣ የጠጉር መንጨብረር፣ የወተት መቀነስና ለመፀነስ መዘግየት ነው። ከመንጋጋ በታች ውሃ የቋጠረ እብጠትም ይታያል። ይህ ምልክት ደም በሚመጥ የጨጓራ ትልም ስለሚመጣ በእብጠቱ ብቻ መወሰን አይገባም።

በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የጉበት ትል በበግ ብቻ በዓመት 48.4 ሚሊዮን ብር ኪሳራ እንደሚያደርስ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ 46.5 ከመቶ በሞት፣ 48.8 ከመቶ በክብደት መቀነስና በመራባት መጓደል ሲሆን፣ ጉበት በቄራ በመጣሉ የደረሰው 4.7 ከመቶ ብቻ ነበር። በቄራ ሲጣል የምናየው ጉበት ከጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ኪሳራ በአርሶ አደሩ በረት ውስጥ ሳይታወቅ ያልፋል።

የመከላከያ ዘዴ

ለጉበት ትል እንደ አባ ሰንጋ ያለ ክትባት የለም። ስለሆነም የሚከተሉትን አጣምሮ መሥራት ያስፈልጋል።

1. መድኃኒትን በወቅቱ መስጠት። ቀንድ አውጣ በክረምት ይራባል፤ እንስሳትም ከመስከረም ጀምሮ በብዛት ይያዛሉ። በበጋ ለምለም ሣር የሚቀረው ረግረግ ዳር ብቻ በመሆኑ መያዙ ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በታኅሣሥና በጥር፣ ሌላ ጊዜ ክረምት ሳይገባ በግንቦት መስጠት ይጠቅማል። የግንቦቱ ዋና ዓላማ እንቁላል ከዝናቡ ጋር ወደ ሜዳው እንዳይገባ ነው።

2. ትክክለኛውን መድኃኒት መምረጥ። ቴትራሚዞልና አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይገድሉም። አልቤንዳዞል የጎለመሰውን ብቻ ይገድላል፤ መጠኑም ለአንጀት ትል ከሚሰጠው ይበልጣል፤ በእርግዝና መጀመሪያም አይሰጥም። ትራይክላቤንዳዞል ወጣቱንም ይገድላል።

3. መጠኑን በክብደት መወሰን። ደረት በሚለካ ሜትር ክብደቱ ይገመት። አንዱን ፍሬ ለሁለት በግ ማካፈል ትሉን አይጨርሰውም፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ትል እንዲፈጠርም መንገድ ይከፍታል።

4. ወተትን መጠበቅ። አንዳንዱ መድኃኒት ወተታቸው ለሰው ለሚውል ላሞች አይፈቀድም። የወተትና የሥጋ መታቀቢያ ቀን በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ይነበብ።

5. ረግረጉን መለየት። ውሃ የሚቋጥረውን ጨፌ ማጠር፣ ቦይ አውጥቶ ማንጣፈፍ፣ ከብቱንም ከኩሬው ይልቅ በገንዳ ማጠጣት ይገባል። የወንዝ ዳር ሣር ከሥሩ ከፍ ተደርጎ ታጭዶ፣ በደንብ ደርቆ ለወራት ቢቀመጥ አብዛኛው እጭ ይሞታል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ጨፌው የጋራ ሆኖ ሕክምናው የግል ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። አሥር ቤት አክሞ አንድ ቤት ቢቀር፣ የቀረው መንጋ እንቁላሉን ለሁሉም ይዘራል። አህያም በጉበት ትል ስለምትያዝ ከቆጠራው አትውጣ። ማኅበሩ መድኃኒቱን ከታወቀ ቦታ በጋራ ቢገዛ፣ የሚያበቃበትን ቀን ቢመረምር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥም የሁሉንም አባል እንስሳት ቢያሳክም ወጪውም ይቀንሳል፤ ውጤቱም ይታያል። ምክርና ምርመራ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ በቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም በሰበታ ካለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊጠየቅ ይችላል።

አርሶ አደሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሳውን አንድ ጥያቄ እዚህ እንመልስ። የተበላሸ ጉበት መብላት ሰውን በጉበት ትል አያስይዝም፤ ሰው የሚያዘው ከረግረግ የተለቀመ ቅጠል ሳይበስል ሲበላ ወይም የተበከለ ውሃ ሲጠጣ ነው። ቢሆንም የታመመ ጉበት ለውሻ መጣል የለበትም። ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ የውሻው ትል እጭ ሊሆን ስለሚችል፣ በውሻው በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።